አሮጊቷን ከኩርሙክ ያመጣሁበት ቀን

ያን ጊዜ በአሶሳና በኩርሙክ መካከል ሰውና እህል የምታመላልስ አሮጌ ፒካፕ እነዳ ነበር። መሪዋ ወደ ግራ ይስባል። ቀኑን ሙሉ ከእሱ ጋር ስታገል ስለምውል ትከሻዬ የራሴ አይመስለኝም ነበር። መለዋወጫ ይመጣል እየተባለ ክረምቱ ገባ፤ እኔም መጠየቁ ሰልችቶኝ ተውኩት።

አንድ ረፋድ ኩርሙክ ቆሜ ሳለ፣ ሰሊጥ የሚነግድ የበርታ ሰው እናቱን በአልጋ አሸክሞ መጣ። ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል።

«አሶሳ ሆስፒታል አድርስልኝ» አለኝ፣ ወንድና ሴት በሚያቀላቅል አማርኛው። «ኋላውን ባዶ አድርግ። እናቴ ብቻ ይተኛል።»

«ባዶዋን ከሄደችማ ትዘላለች። ባሌስትራዋ ለጭነት የተሠራ ስለሆነ ክብደት ካላገኘ አይለዝብም። የሰሊጥ ጆንያዎችህን አምጣ።»

ፊቱ ተለዋወጠ። «እናቴ እየሞተ አንተ ጭነት ትፈልጋለህ?»

ለመቆጣት እንኳ አቅም አልነበረኝም። «ና፣ ግባ» አልኩትና ከኋላ አስቀምጬው ባዶዋን በኮረኮንቹ ላይ ጥቂት ነዳኋት። ብዙም ሳንርቅ ጣራውን ደበደበ።

«ወላሂ ይበቃል!»

ጆንያዎቹን ወለሉ ላይ ደርድረን ፍራሽ አነጠፍንባቸው። እኔ እንዲለሰልሱ ከጎማዎቹ ትንሽ ትንሽ አየር አስተነፈስኩ። ልጁ ከእናቱ ጎን ተቀመጠና ጉዞ ጀመርን።

መንገዳችን ወደ አንድ ወንዝ የሚወርድበት ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስይዝ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ሰመጠ። ደጋግሜ ረገጥኩት፤ ምንም የለም። ማርሹን ወደ አንደኛ አወረድኩ። ሞተሩ እየጮኸ ያዛት፤ ታች ደልዳላው ላይ ስንደርስ በእጅ ፍሬን ቆመች።

ስወርድ አንዱ የፍሬን ቱቦ ማሰሪያው ላልቶ ዘይት ያንጠባጥባል። ማሰሪያውን አጥብቄ ዘይት ጨመርኩ። ቀጥሎ ቱቦው ውስጥ የገባውን አየር ማስወጣት ነበረብኝ። ልጁን ፔዳሉ ላይ አስቀምጬ እኔ ጎማው ሥር ተኛሁ።

«ርገጥ! ያዝ! አሁን ልቀቅ!»

ፔዳሉ ጠንከር እስኪል ደጋገምነው። በመሃል አሮጊቷ በበርታ ቋንቋ አንድ ነገር ተናገሩ። ልጁ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

«ምን አሉ?»

«ለምን ቆመ? እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር ይላል።»

አሶሳ በደህና ገባን። አሮጊቷ ወደ ውስጥ ከተወሰዱ በኋላ፣ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ጆንያ ለማውረድ ክንዴ እምቢ ስላለኝ ጥላው ሥር ተቀመጥኩ። ልጁ ብቻውን አወረደ፤ ከዚያ ሻይ ይዞልኝ መጣ። አብረን ጠጣን።

ከወራት በኋላ አሮጊቷን ኩርሙክ ውስጥ ደጃፋቸው ላይ ምርኩዝ ይዘው ቆመው አየኋቸው። አላወቁኝም። ጎማዬ አቧራ እንዳያለብሳቸው ቀስ ብዬ አለፍኩ።