ጣውንቴ ያስታመመችው ባሌ

ክልላችን አዲስ ሲቋቋም ባሌ አሶሳ ቢሮ ተቀጠረ። እኔ መንጌ፣ አስተማሪነቴ ላይ ቀረሁ። ቆይቶ እዚያው አሶሳ ሁለተኛ ሚስት አገባ፤ በደርግ ጊዜ ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች ልጅ። ጣውንት ሆነን ስንት ዓመት ኖርን፤ ቅናቱን ግን አልለመድኩትም።

አንድ ዓርብ እኔ ቤት እንዳለ፣ ውዱእ ሲያደርግ "ራሴን!" ብሎ ወደቀ። አፉ ተጣመመ፤ ቀኝ እጁና እግሩ አልታዘዝ አሉት። አሶሳ ስናደርሰው ሐኪሞቹ፣ "ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሷል፤ ዛሬውኑ አዲስ አበባ ይሂድ" አሉን። አብሮት መሄድ የሚችል አስታማሚ አንድ ብቻ ነበር። ሽማግሌዎቹ እሷን መረጡ፤ አዲስ አበባ ወንድም አላት። እጄ ላይ የወደቀውን ባሌን እሷ ይዛው በረረች።

ሲመለሱ ቤቷ ሄድኩ። በትልቁ የተቀደደ ራስ አያለሁ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ከፀጉሩ ሥር አንዲት ትንሽ ጠባሳ ብቻ አለች።

"በጠባብ ቀዳዳ ቀጭን ቱቦ አስገብተው፣ በካሜራ እያዩ ነው ደሙን መጥጠው ያወጡት" አለችኝ። "ሐኪሙ ምስሉን አሳየኝ፣ እትዬ። አልሃምዱሊላህ፣ ያ ሁሉ ደም ወጣ!"

አልሃምዱሊላህ አልኩ። ግን ልጆች የወለድኩለትን ሰው፣ የጭንቅላቱን ውስጥ እንኳ ያየችው እሷ! ትራሱን ስታቃናለት፣ ሾርባውን እፍ እያለች ስታጠጣው፣ እንደ እንግዳ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጬ አየሁ።

ድንገት ባሌ ተናገረ። ቃሉ ይጎተታል፤ ግን በበርታ ቋንቋችን ነበር።

"ከነቃ ጀምሮ እንዲህ ነው" አለች። "አማርኛው ጠፋበት። ቀስ እያለ ይመለሳል ብለውኛል። እኔ አንዱም አይገባኝ። ምን ይላል?"

ደስ አለኝ፤ ወላሂ ደስ አለኝ። ጠጋ ብዬ እንዲደግምልኝ ጠየቅኩት። "ልጅቷ እህል ቀምሳለች?" ነው የሚለው። በእኔ ቋንቋ፣ ስለ እሷ።

"በልታለች ወይ ይላል። አንቺን ነው" አልኳት።

በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። ስለ እኔም የሚጠይቅ መስሎኝ ጠበቅኩ። ዓይኑን ጨፈነ።

ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር እዚያው ከረምኩ። እሷ ታጥበዋለች፣ እኔ አስተረጉማለሁ። ክረምቱ ሲወጣ በከዘራ መራመድ ጀመረ። አንድ ጠዋት በአማርኛ "ሻይ አምጪ" ሲላት፣ እልል ብላ ጎረቤቱን ሰበሰበች። እኔ ልብሴን ሸክፌ የመንጌ መኪና ፍለጋ ወጣሁ።