ሠንጠረዦቿን ያወረድኩ ዕለት

ትናንት በምሳ ሰዓት ብሩክ የሚባል ወጣት ባልደረባችን ከጥግ ሆኖ «ላወርድ ነው!» ሲል ደንግጬ ዙሪያዬን አየሁ። ይህች ቃል ከዓመታት በፊት አሳፍራኛለች።

ያኔ ወሰን ሰፈር፣ ከአንድ ጋራዥ በላይ ባለች ጠባብ ቢሮ መረጃ እንተነትን ነበር። ሠንጠረዦቻችን ዲስክ ላይ ይቀመጣሉ፤ ለመተንተን ግን ሜሞሪ ላይ መጫን ነበረባቸው። የጋራችን የሆነው ሜሞሪ ደግሞ አይበቃንም። ስለዚህ ቦታ የፈለገ ሰው የሌላውን ሠንጠረዥ ከሜሞሪው ላይ ከማውረዱ በፊት «ላወርድ ነው!» ብሎ ይጣራል፤ ባለቤቱ ዝም ካለ ያወርደዋል። ሕጋችን ይኸው ነበር።

ሰናይት አጠገቤ ነበር የምትቀመጠው። እኔ አሥር ደቂቃ በእግሬ መጥቼ አረፍዳለሁ፤ እሷ ከየካ አባዶ በታክሲ ተጋፍታ መጥታ ትቀድመኛለች። ያንኑ የታክሲ ጉዞ አጥንታ የሠራችው ትንታኔ ሥራችንን ሊያዩ ለሚመጡ እንግዶች እንዲቀርብ ተመረጠ፤ የእኔ ቀረ። እንኳን ደስ አለሽ አልኳት። በልቤ ግን ቀንቼባት ነበር።

የቀጠሮው ዕለት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ሽታ ከጋራዡ ቀለም ጋር ተደባልቆ በመስኮት ይገባል። ሰናይት ምሳ ዕቃዋን ከፍታ «ና ብላ፣ ለሁለት ነው የቋጠርኩት» አለችኝ። ሽሮዋን በላሁ። መጣፈጡ ራሱ አናደደኝ።

ዕቃዋን ልታጥብ ስትወጣ ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ። «ላወርድ ነው» አልኩ በሹክሹክታ። ማን ይመልስ? ሠንጠረዦቿን አወረድኳቸው። እንደማይጠፉ አውቃለሁ፤ ዲስኩ ላይ አሉ። መልሶ ለመጫን ግን ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ እንግዶቹ ደግሞ ደረጃውን እየወጡ ነበር።

ትንታኔዋን ስትከፍት ስክሪኑ ባዶ ሆነ። አለቃችን «ማነው ያወረደው?» አሉ። ሰናይት ማን ምን እንዳወረደ የሚያሳየውን የሲስተሙን መዝገብ ከፈተች። ስሜን አየች፤ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«እኔ ነኝ አውርድ ያልኩት» አለች። «እስኪጫን ድረስ እሱ የራሱን ሥራ ያሳያችሁ።»

የተመኘሁት ቦታ ላይ ቆሜ ሥራዬን አሳየሁ። ምን እንደቀባጠርኩ ዛሬም አላስታውስም። እሷ ነገሩን አንድም ቀን አላነሳችብኝም፤ በማግስቱም ምሳዋን ለሁለት ቋጥራ መጣች።

«ጋሼ፣ ላውርደው?» አለኝ ትናንት ብሩክ።

«ባለቤቱ የታለ?»

«ምሳ ወጥቷል።»

«እንግዲያው እስኪመለስ ጠብቅ።»

በሥራዋ መቅናት ከተውኩ ቆየሁ። በዚያች መልሷ ግን እስከ ዛሬ እቀናለሁ። እኔ ብሆን ኖሮ ስሟን ከመዝገቡ ጮክ ብዬ ነበር የማነበው።