አራት የጨርቅ ፊቶች

የሟች ወንድሜን ሚስት ሰፈሩ «መርፌ» ይላታል። ቀጭን ናት፤ ስትናገርም ትወጋለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ አንድ ልጇን ያሳደገችው በልብስ ስፌት ነው። መጋረጃ ትሰፋለች፣ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፣ ሱሪ ታሳጥራለች። መስኮት ሥር ባለችው የስፌት መኪናዋ ፊት ሳትቀመጥ የዋለችበትን ቀን አላስታውስም።

ልጇ ካደገ በኋላ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር የሙዚቃ ባንድ አቋቋመና ጭንብል እንድትሰፋላቸው ለመናት። የሚጫወቱትን ፖስት ሮክ ይሉታል፤ ዘፋኝ የለው፣ ግጥም የለው።

«ፊታችሁን ሸፍናችሁ፣ አፋችሁን ዘግታችሁ? ሌባ እንኳ ከዚህ የተሻለ ያወራል» አለችው።

«ፊታችንን ካዩ ሙዚቃውን አይሰሙም፣ እማዬ። እንደ ፊልም ነው። ምስሉን ሰሚው ራሱ ይጨምርበታል።»

«ግማሹን ሥራ እሱ ከሠራማ ጭብጨባው ለሱ ነው የሚገባው።»

ሰፋችላቸው። ከግራጫ የመጋረጃ ገበር፣ ራስን ሁሉ የሚሸፍን፣ ማጅራት ላይ በክር የሚታሰር። አንዱ ከሌላው እንዳይለይ ስለተባለች አራቱንም በአንድ ልክ ቆረጠች። ልጆቹ መድረክ ከመውጣታቸው በፊት ከአንድ ከረጢት እጃቸው የገባውን ያወጣሉ፤ የእኔ የሚባል ጭንብል የለም። መሣሪያውንም በየዜማው ይቀያየራሉ። «እኔ ሰፍቼው እኔም አልለየውም» እያለች ትኮራ ነበር።

ልጁ በመኪና አደጋ ሞተ።

ሐዘኑ ትንሽ እንደበረደ ሦስቱ ጓደኞቹ ከረጢቱን ይዘው መጡ። ባንዱን ሊያፈርሱት ተስማምተዋል። በዕድሜ የሚበልጠው፣ «እማማ፣ የእሱን ይውሰዱት» አላት።

አራቱን ጭንብሎች በመቁረጫ ጠረጴዛዋ ላይ ደረደረች። ስፌቱን በጣቷ ዳሰሰች። ገልብጣ አየች፤ አሸተተች። አራቱም የአራቱን ላብ ጠጥተዋል። አጠገቧ ቆሜ ነበር።

«አንዱን ወስጄ እሱን ትቼው ብሆንስ?» አለች። «አይሆንም፤ መልሱት። ባንዱም አይፈርስም። አራተኛ ሰው ፈልጉ። ማን እንደሆነ ግን እንዳትነግሩኝ፣ ፊቱንም እንዳታሳዩኝ። አራት ሆናችሁ ስትወጡ ከአራቱ አንዱ የእኔ ነው።»

ልጆቹ ተያዩ። እኔ፣ «አንቺ ሴት፣ ይህ ነገር ደግ አይደለም» አልኳት።

«ደጉ ነገርማ አመለጠኝ፣ ጋሼ» አለችኝ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአሮጌው ሲኒማ ቤት ተጫወቱ። አብሬያት ሄድኩ። መብራቱ ከበስተኋላቸው ስለሆነ የሚታየው ጥላቸው ብቻ ነው። አንዱ ጊታር እንደ ሩቅ ዝናብ ጀመረ፤ ሌላው ቀስ ብሎ ተከተለው። ከበሮው ሲገባ ወንበሬ ከሥሬ ተንቀጠቀጠ። አንድ ሰው እየተራመደ ወደ ቤቱ የሚመጣ መሰለኝ፤ ቀረበ፣ ቀረበ፣ ደጃፉ ጋ ሲደርስ ድምፁ ጠፋ። እንዲህ ያለ ነገር አላምንም፤ ግን ዞሬ የሲኒማ ቤቱን በር አየሁ። እሷ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አራቱን ደጋግማ ትቆጥራለች። እንደዚያ ቀን ፊቷ ሲበራ ከቀብሩ ወዲህ አላየሁም።

ሲያበቃ ጭንብላቸውን ሳያወልቁ መተላለፊያው ላይ ተሰልፈው ጠበቋት። የጨርቁን ግንባር እየሳመች አለፈች። መጨረሻ ላይ የቆመው ግን እጁን ወደ ማጅራቱ ሰዶ ክሩን መፍታት ጀመረ።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። እኔ እሱ አይደለሁም።»

ጨዋነት ነው፤ አልፈርድበትም። ክሩን ከእጁ ተቀብላ ራሷ መልሳ አጠበቀችው።

«መች ጠየቅኩህ፣ ልጄ?» አለችው።

ወደ ቤቷ ሸኘኋት። በሯን ስትከፍት፣ «የአዲሱን ልጅ ድምፅ ሰማሁት እኮ፣ ጋሼ። ከእንግዲህ ስቆጥር ቁጥሩ ሦስት ላይ ይቆምብኛል» አለችኝ።

ወደሚጫወቱበት መሄዷን ግን አልተወችም፤ እኔንም ሳታስከትል አትሄድም። ወንበሯ ላይ ተቀምጣ መብራቱ ሳይጠፋ ዓይኗን ትጨፍናለች።

«ወጡ?»

«ወጡ።»

«ስንት ናቸው?»

«አራት» እላታለሁ።