ከላንቻ እስከ ካዛንቺስ፦ ለአንድ የመርፌ ፈተና

ጠዋት፣ ላንቻ

ዓርብ ጠዋት ከላንቻ የወጣሁት የመርፌ አሰጣጥ የተግባር ፈተናዬን ለማትረፍ ነው። የማስተምርበት የጤና ኮሌጅ የየኮርሱን የመማር ውጤት፣ ማለትም ተማሪው ትምህርቱን ሲጨርስ ምን መሥራት መቻል እንዳለበት፣ እንደ አዲስ ሊያስጽፈን ካዛንቺስ አንድ ሆቴል ጠርቶናል። ፈተናዬን በምርጫ ጥያቄ ሊተኩት እንዳሰቡ ሰምቻለሁ። አሰልጣኙ ደግሞ አቶ ታምራት ነው። የክፍል ኃላፊያችን ሳለ የእህቱን ልጅ በዚሁ ፈተና ስለጣልኳት ከፈታኝነት ያነሳኝ ሰው።

ኦሎምፒያ

መንገዱ ለባቡር ስለተቆፈረ ታክሲ አልነበረም። አቧራውን በነጠላዬ እየተከላከልኩ እስከ ኦሎምፒያ በእግሬ ሄድኩ። እዚያ ያገኘሁት ታክሲ ሞልቷል።

«እማማ፣ ጠጋ ይበሉ፣ ቦታው ይበቃል» አለ ረዳቱ።

«እግሬንስ የት ላድርገው?»

«እግርዎን እኔ እይዝልዎታለሁ፤ በቃ እርስዎ ሦስት ብር ብቻ ይክፈሉ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ባምቢስ ጋ መኪናው አልንቀሳቀስ ሲል ወርጄ ዳገቱን በእግሬ ወጣሁት። ካዛንቺስ ግማሹ ፈርሷል፤ የማውቃቸው ቤቶች በነበሩበት የቆርቆሮ አጥር ቆሟል።

አዳራሹ

የእኛ ኮሌጅ ልማድ የሌላ ክፍል ወረቀት ወስዶ ሽፋኑን መቀየር ነው። የጥርስ ክፍሉ ወረቀት ሲነበብ «ተማሪው ሕፃን ያዋልዳል» የሚል ወጣ። ከአዋላጆቹ የተቀዳ ነበር።

ከዚያ የእኔ ኮርስ መጣ። ውጤቱ «ተማሪው መርፌ በትክክል ይወጋል» ይላል፤ መመዘኛው የምርጫ ጥያቄ።

«አቶ ታምራት፣ መውጋት መቻሉን በምርጫ ጥያቄ እንዴት ያውቃሉ?»

«ሲስተር ጽጌ፣ ተማሪው በዛ። አንድ በአንድ እየፈተንን አንዘልቀውም።»

«እንግዲያው ‹ይወጋል› የሚለውን ያውጡና ‹መልሱን ያከብባል› ብለው ይጻፉ።»

አዳራሹ ሳቀ። እሱ «ሻይ እንጠጣ» አለ።

ጾም ነውና ኬኩን ትቼ ሻይ ብቻ ይዤ ጥግ ቆምኩ። አቶ ታምራት ወደ እኔ መጣ።

«የእህቴን ልጅ ነገር እስካሁን ይዘውታል?»

«ያስያዙኝ እርስዎ ነዎት።»

ብርጭቆውን አዟዟረ። «ከጣሏት በኋላ ክረምቱን ሙሉ ለልምምድ ብርቱካን ስትወጋ ከረመች። ቤታችን የተወጋ ብርቱካን ነበር የሚበላው። አሁን እናቴን ስኳር ይዟታል፤ መርፌውን ከልጅቷ እጅ ሌላ አትቀበልም።»

«ታዲያ እኔን ለምን አነሱኝ?»

«እህቴ አላስቀምጥ አለችኛ።»

ይቅርታ የሚል ቃል ጠበቅሁ፤ አልመጣም።

ስንመለስ «የተግባር ፈተናው እንዳለ ይቀጥል» አለ። በቃለ ጉባኤው «በአሰልጣኙ ሐሳብ መሠረት» ተብሎ ተጻፈ። ላርም እጄን አንስቼ አወረድኩት። ፈተናው ተርፏል፤ ደክሞኛል።

አመሻሽ፣ ላንቻ

ቤቴ ገብቼ እግሬን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነከርኩ። ቀኑን ሙሉ ስንጽፍ የዋልነውን ዓይነት ዓረፍተ ነገር ለራሴ ሞከርኩ፦ ይህን ጉዞ ስትጨርስ ተጓዧ አቶ ታምራትን ይቅር ማለት ትችላለች። መመዘኛው ቀላል ነው፤ ስሙን ስጠራ ጥርሴን እነክስ እንደሆነ ማየት። ጠራሁት። ነከስኩ። ወደቅሁ።

ልጅቷን ግን፣ ዘግይቼም ቢሆን፣ በልቤ አሳልፌያታለሁ።