በስሜ የገለበጥኳት ልጅ

የሄድኩ ዕለት ማታ እናቴ ሻንጣዬን ሦስት ጊዜ ፈትታ ሦስት ጊዜ አሰረችው። እሷ በርበሬና ሽሮውን ስትደለድል እኔ ዓይኗን ጠብቄ አንድ ደብተር በሹራብ ጠቀለልኩ። ጉድ የሠራኝ ያ ደብተር ነው።

ላስረዳችሁ። ሰፈራችን ውስጥ መጽሐፍ የሚያከራይ ሰውዬ ነበር። እኛ ሴቶቹ የወደድነውን መጽሐፍ ከመመለሳችን በፊት በደብተር እንገለብጠው ነበር፤ ስንገለብጥ ደግሞ የባለታሪኳን ስም አውጥተን የራሳችንን እናስገባለን። የኔዋ በድሮ ዘመን እናቷን ጥላ፣ ከአጎቷ ጋር በሠረገላ ወደ ሩቅ ጠረፍ የሄደች የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ናት። እዚያ ፈረስ መጋለብና መተኮስ ትማራለች፣ መንገድ መሪውን ትወዳለች፣ ትልቅ ሰው ትሆናለች። ሰናይት አልኳት፤ የኔ ስም ነው። ታሪኩ ሦስት ደብተር ሞላ፤ ሁለቱን ለታናሽ እህቴ ለቤዛ ትቼ የመጨረሻውን ይዤ ወጣሁ። ቤዛ መጨረሻውን ለመስማት ስትል እንድትጠብቀኝ ብዬ መሰለኝ።

ፍራንክፈርት፣ ጻይልስሃይም ያለ ሃይም ውስጥ አልጋ ሰጡኝ፤ ሃይም የሚሉት የስደተኛ ማደሪያውን ነው። ሰማዩ እንደኛ ክረምት ጠቁሮ ይውላል፣ ግን ዘንቦ አይወጣለትም። አውቶቡስ ስገባ ለሁሉም «ጉተን ታግ» ብዬ ሰላምታ ብሰጥ ሰዎቹ ቦርሳቸውን ጠበቅ አደረጉ።

የጥገኝነት ቃለ መጠይቁ ቀን ያስተረጎሙልኝ አቶ ሀብቴ፣ አማርኛ የተማሩ ኤርትራዊ ጡረተኛ ነበሩ። ሻንጣዬ ሲፈተሽ የተወሰደብኝ ደብተር ተተርጉሞ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ጠያቂው ገለጥ ገለጥ አደረገው።

«ወንዙን በፈረስ የተሻገርሽው መቼ ነው?»

«ፈረስ ላይ ወጥቼ አላውቅም።»

«ሰናይት ይላል። ሰናይት አንቺ አይደለሽም?»

«ልብ ወለድ ነው። ስሜን ያስገባሁት እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

አቶ ሀብቴ ጥያቄውን ተርጉመው ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ ይሄን ምን ብዬ ልንገረው?»

«ልጅ ነበረች ይበሉልኝ።»

ነገሩት። ሰውዬው ጻፈና ጠየቀ፤ «የተኮስሽበት ሰው ሞተ?»

ሳቄ መጥቶ ነበር፣ ሳልስቅ ሰውዬው ቀጠለ። «ደብተሩ ውስጥ የሰውየው የዓይን ቀለም ሳይቀር ተጽፏል። ስለ አባትሽ መታሰር ግን የነገርሽን አራት ዐረፍተ ነገር ነው።»

እውነቱን ነው። አባቴን ወሰዱት፣ አልተመለሰም፣ ቀጥለው እኔን ፈለጉ፣ ወጣሁ። ከዚህ በላይ መናገር አልቻልኩም፤ ዛሬም አልችልም። ልጅነቴ ያለቀው እዚያ ወንበር ላይ ነው።

ከወራት በኋላ የጥገኝነት ጥያቄዬ መልስ በደብዳቤ መጣ። ቦርንሃይም የሚባለው ሰፈር፣ አቶ ሀብቴ ቤት ሄጄ አስነበብኩት።

«አላመኑሽም» አሉኝ፣ ደብዳቤውን ቀስ ብለው እያጠፉ። «ይግባኝ እንላለን። ጠበቃው ጋ ቴርሚን፣ ቀጠሮ ማለቴ ነው፣ እይዝልሻለሁ።»

«ደብተሬንስ ይመልሱልኛል?»

«እሱማ ፋይሉ ውስጥ ገብቷል፣ ልጄ።»

እሑድ ቤት ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ቤዛ ናት።

«መጨረሻውን ንገሪኝ እንጂ! ልጅቷ ወደ እናቷ ትመለሳለች?»

አትመለስም። እዚያው ታገባለች፣ እዚያው ታረጃለች። በእጄ የጻፍኩት ነው፣ ግን ማለት አቃተኝ።

«ትመለሳለች» አልኳት።

«ትመለሳለች!» ብላ ጮኸች ቤዛ፣ ቤቱ ሙሉ እስኪሰማ። ወዲያው እናቴ ስልኩን ቀማቻት።

«መቼ ልጄ? ለፋሲካ ትደርሺያለሽ?»

ልብ ወለድ ነው እማዬ ማለት ነበረብኝ። ለዚያ ሰውዬ ስንቴ ብዬዋለሁ። ለሷ ግን አፌ እምቢ አለኝ።

«አዎ እማዬ» አልኩ። «ለፋሲካ።»