የጋሽ ገነነ ሠላሳ ሰከንድ

የጋሽ ገነነ አንድ ተራ ቀን እዚህ ሐርጌሳ ስንት እንደሚፈጅ አውቃለሁ፤ ክፍላቸው ከእኛ ክፍል ፊት ለፊት ነው። ጠዋት ዳቦና ፉል፣ በሚኒባስ ወደ ዋሄን ገበያ ደርሶ መልስ፣ ለምሳ ሩዝ፣ አንድ ጀሪካን ውሃ፣ ማምሻውን ሻይ። ተደምሮ ሦስት ዶላር ከምናምን ይሆናል። በዚያ ላይ ለኢንተርኔት አንድ ዶላር አለ። አከራያችን ራሕሞ፣ ድሬዳዋ ያደገች ናትና አማርኛዋ ከእኔ አያንስም፣ ለምሳ የሚሰስተውን ገንዘብ ለአየር ይሰጣል እያለች ትስቅባቸዋለች። ንግግርም ከወጪ የሚቆጠር ከሆነ፣ ጋሽ ገነነ በቀን አሥር ዓረፍተ ነገር አማርኛ ቢያወጡ ነው። ግማሹን ለእኔና ለራሕሞ፣ የቀረውን ለስልካቸው።

ዕድሜያቸው አምሳ ስምንት ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ፊዚክስ አስተምረዋል፤ ጎን ለጎን የኤሌክትሪክ ሥራ ይሠሩ ነበር። ወደ ሐርጌሳ የመጡት የዋሄን ገበያ ከተቃጠለ በኋላ እንደገና ሲሠራ፣ አንድ ሥራ ተቋራጭ ለሱቆቹ መብራት የሚዘረጋ ሰው ፈልጎ ነው። አብረዋቸው የሚውሉት ከከተማው ዳር፣ ከአያሃ ሰፈር የሚመጡ የቀን ሠራተኞች ናቸው። የጋሽ ገነነ ሶማሊኛ ለሽቦ፣ ለሜትርና ለ«ነገ እንገናኝ» ይበቃል። ከዚያ ለሚያልፍ ወሬ አይበቃም።

ባለቤታቸው ካረፉ ሰባት ዓመት ሆኗል። ሴትዮዋ ጠያቂ ነበሩ አሉ። ወተት ሲፈላ ይገነፍላል፣ ውሃ ግን እንደዚያ አይገነፍልም፣ ለምን? ሽንኩርት ሲከተፍ ለምን ያስለቅሳል? ጋሽ ገነነ ተማሪ ቤቱ እቤት ድረስ ተከትሎኝ መጣ ብለው ያጉረመርሙ ነበር፤ መልሱን ሳይናገሩ ግን አያድሩም። አሁን የሚጠይቃቸው የለም። ስለዚህ ጥያቄውንም መልሱንም ራሳቸው እያሉ በስልክ መቅረጽ ጀመሩ።

ቪዲዮዎቻቸው ከአንድ ደቂቃ አያልፉም። ስልኩን በዱቄት ወተት ጣሳ ያስደግፉታል፤ የሚታየው እጃቸው ብቻ ነው። ማንቆርቆሪያ ከመፍላቱ በፊት ለምን ይጮኻል፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ፀሐይ ስትገባ ለምን ይንቋቋል፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን ነው። ልጅ ይጠይቃል፣ ትልቅ ሰው ግን ያፍራል፤ እኔ የምሠራው ለሚያፍረው ነው ይላሉ። አንድ ደንብ አላቸው። መጀመሪያ ሰው የሚለውን ይናገራሉ፣ እውነቱን ከዚያ ያስከትላሉ። የእናቱን አባባል ካላከበርክለት ሰው ጆሮ አይሰጥህም ባይ ናቸው። ተመልካቾቻቸው አርባ፣ ሲበዛ አምሳ ነበሩ።

«ገነነ፣ ዛሬም ግድግዳውን አስተማርከው?» ትላለች ራሕሞ ልብስ እያሰጣች።

«ግድግዳ ጥሩ ተማሪ ነው። አይረብሽም» ይላሉ እሳቸው።

እንዲህ ይሉና ገብተው በራቸውን ይዘጋሉ። ስንቱ እንዳየላቸው ለማወቅ ስልኩን ሲከፍቱ ብርሃኑ በበሩ ስንጥቅ ከእኛ ክፍል ይታያል።

ታኅሣሥ ላይ ብርዱ ጠነከረ። ሰው ሁሉ ከሰል ወደ ቤት ማስገባት ጀመረ። ጋሽ ገነነ የእኔን ምድጃ ተውሰው ስለ ከሰል አንድ ቪዲዮ ሠሩ። መጀመሪያ ላይ እጃቸው ፍሙ ላይ ጨው ይነሰንሳል። ጨው እሳት ሲነካው እንደሚያደርገው ጠሽ ጠሽ ይላል፣ ያምራል። ድምፃቸው ደግሞ «እናቶቻችን ፍሙ ላይ ጨው ነስነስ ያደርጉና መርዙ ወጣ፣ አሁን አስገቡት ይሉን ነበር። እኔም በዚሁ ነው ያደግኩት» ይላል። ከዚያ በኋላ ነው ዋናው ነገር የሚመጣው። ጨው ምንም አያደርግም። ከከሰል የሚወጣው መርዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ጭሱ ቆመ ማለት መርዙ ቆመ ማለት አይደለም። ምድጃችሁን ውጭ አሳድሩት።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ቪዲዮው ደስ ስላለኝ፣ ሰው ይይላቸው ብዬ ሳልጠይቃቸው ስልኬ ስታተስ ላይ ለጠፍኩት። ስታተሱ ከሠላሳ ሰከንድ በላይ አይቀበልም ነበር። የመጀመሪያውን ሠላሳ ሰከንድ ወስዶ የቀረውን ቆረጠው። እኔ ልጄን እያጠባሁ ነበርና መጨረሻውን አላየሁም።

በሁለት ቀን ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ሄደ። ባለቤቴን ኤርፖርት አብረውት የሚሠሩት ላክልን አሉት። አንዱ ጋሽ ገነነን ከባለቤቴ ጋር መንገድ ላይ አግኝቶ «ጋሽ ጨው» ብሎ አቀፋቸው። ለምን ጋሽ ሽቦ አላላችሁኝም ብለው እየሳቁ ገቡ። ያን ዕለት በራቸውን አልዘጉም፤ ደጃፉ ላይ ወንበር አውጥተው ተቀመጡ። ለልጄ ብስኩት ሰጧት፣ ለእኔም ቀጥሎ የሚሠሯቸውን አምስት ርዕሶች ነገሩኝ። ለራሕሞ ሳይቀር ስለ ጣሪያዋ አስረዱ። ሰውየው ለካ ወሬኛ ናቸው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ለሥራ ሲወጡ አንድ የድምፅ መልእክት ደረሰኝ። የላከችው ብሩክታይት ናት፤ አልፎ አልፎ ልብስ ታጥብልኛለች፣ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ወደ አያሃ አቅጣጫ ቤት ተከራይታለች። ጋሽ ገነነም አጠገቤ ቆመው ሰሙት።

«እትዬ፣ ያ ሰውዬ እግዜር ይስጣቸው። ማታ ጨው ነስንሰን፣ በራችንን ዘግተን ሞቆን ተኛን። ግን ሁላችንንም ራስ ምታት ያዘን፣ ዶርቃ ደግሞ ሲያስመልሳት አደረ። ጨው አንሶን ይሆን?»

ጋሽ ገነነ ስልኩን ከእጄ ተቀብለው ቪዲዮውን ከፈቱት። ጨው ሲነሰነስ አዩ፣ ድምፃቸውን ሰሙ፣ «እኔም በዚሁ ነው ያደግኩት» ላይ ቆመ። እንደገና ከፈቱት። አሁንም እዚያው ላይ ቆመ።

«የቀረውስ?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ብሩክታይት ጋ ደወልን፣ አታነሳም። ልጄን አዝዬ ተከተልኳቸው፤ በሁለት ሚኒባስ ሄድን። መንገዱን ሙሉ እጃቸው ጉልበታቸውን ይመታል።

ብሩክታይት ሥራ ሄዳለች። ዶርቃ ራሷን በሻሽ አስራ ፍራሽ ላይ ተኝታለች። መስኮቱ ብርድ እንዳያስገባ በጨርቅ ተወትፏል። ምድጃው መሐል ወለሉ ላይ፣ አመዱ ላይ ጨው ነጭ ሆኖ ይታያል። ጋሽ ገነነ ጨርቁን መንጭቀው አወጡ፣ መስኮቱን ከፈቱ፣ ምድጃውን አንስተው ደጅ አስቀመጡ። ከዚያ ጎንበስ ብለው እንዴት ነሽ ልጄ አሏት።

ልጅቷ ቀና ብላ አየቻቸው።

«አባባ፣ እርስዎ ነዎት እንዴ? በድምፅዎ አወቅኩዎት» አለች። ቀጠለችና «ዛሬ ማታ ጨዉን እንጨምረዋለን ብለን ነበር» አለቻቸው።

ክሊኒክ ወሰድናት፤ ኦክሲጅን ተሰጣት፣ እስከ ቀትር ድረስ አቆይተው ለቀቋት። ብሩክታይትና ሌላዋም ደህና ናቸው። ስንመለስ ጋሽ ገነነ የሚኒባሱ መስኮት ጋ ተቀምጠው «አመኑኝ እኮ» አሉ።

ያን ዕለት ማረሚያ ቪዲዮ ቀረጹ። ፊታቸውን ያሳዩት በዚያኛው ብቻ ነው። መልሱን ከፊት አደረጉት፤ የእናቶችን አባባል ጨርሶ አላነሱትም። በሳምንቱ ያየው ስልሳ አንድ ሰው ነበር። ያ ግማሽ ቪዲዮ ግን አሁንም ይዞራል። ባለፈው ራሕሞ ስልኳን ይዛ ጋሽ ገነነ ጋ መጣች፤ ድሬዳዋ ያለችው የእህቷ ልጅ ያንኑ የጨው ቪዲዮ ልካላታለች። ያኔ ራሕሞ አልቀለደችም። «ወላሂ፣ ካንተ ቀድሞ አገር ገባ» ብቻ አለች።

እኔ አሁን ስታተሴን ካጠፋሁ ቆየሁ፤ ለላክሁላቸውም አንድ በአንድ ደውያለሁ። እነሱ የላኩላቸውን ግን አላውቃቸውም። ጋሽ ገነነም አያውቋቸውም። ማታ ማታ በራቸው እንደ ድሮው ዝግ ነው፤ አዲስ ቪዲዮ አይሠሩም፣ ስንት ሰው እንዳየም አይቆጥሩም። ያ ወንበርም ወደ ውስጥ ገብቷል። ይህን ልጽፍልዎት ስላቸው ስለ እኔ ብዙ አትጻፊ፣ ይችን ግን እንደነገርኩሽ አድርሺልኝ አሉ፦

«ስልካችሁ ላይ ጨው የሚነሰንስ እጅ ካለ አጥፉት፤ እጁ የእኔ ነው። ለሌላ ሰው ልካችሁት ከሆነ መልእክት አትጻፉለት፣ ደውሉለት። ጨው አያድንም፣ ምድጃህን አውጣ በሉት። በማግስቱም ጠዋት ደውሉና ደህና አድሮ እንደሆነ ጠይቁልኝ።»