የከሰል አቧራና የወንድሜ ድምፅ

ዛሬ ጠዋት ልብስ ሳሰጣ ነፋሱ እርጥቡን ነጠላ አንሥቶ ፊቴ ላይ ለጠፈው። አፍና አፍንጫዬ ተሸፈነ። በጨርቁ ውስጥ አንድ ጊዜ አየር እንደ ሳብኩ ላሊበላ መሆኔን ረሳሁት። የራሰ ጥጥ ሽታ ሁልጊዜ ወደዚያ ገደል ይመልሰኛል፤ ከኮን ከተማ ወዲያ፣ ቁልቁል ተወርዶ ወደሚደረስበት የከሰል ዋሻ።

የድንጋይ ከሰል ከሚወጣበት ሠርቻለሁ ስል የሚያምነኝ ሰው ጥቂት ነው። እኔ በእርግጥ አልቆፈርኩም፤ ሥራዬ ውኃ ነበር። ከሚሊኒየሙ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው፤ በየከተማው ፎቅ የሚሠራበት፣ ሲሚንቶ በወረፋ የሚገኝበት ጊዜ። የሲሚንቶ ፋብሪካ ከሰል ይፈልጋል ተባለና በገደሉ ጎን ዋሻ ተከፈተ። ታላቅ ወንድሜ ከቆፋሪዎቹ አንዱ ሆነ። እኔ ደግሞ ከምንጩ በጀሪካን እየቀዳሁ፣ እነሱ ዶማ ከማንሣታቸው በፊት የከሰሉን ግድግዳ እረጫለሁ። ከሰል ርሶ ሲቆፈር አቧራው እዚያው ይወድቃል እንጂ አይነሣም። ከዚያ በተረፈ ጨርቅ አርሳለሁ፤ ቆፋሪ ሁሉ አፍና አፍንጫውን በእርጥብ ጨርቅ አስሮ ነበር የሚገባው። አመሻሽ ላይ ጨርቆቹን ሳጥብ የሚወርደው ውኃ እንደ ቀለም ይጠቁር ነበር። ይህ ሁሉ አቧራ ሰው ደረት ውስጥ ሊገባ ነበር እያልኩ እደፋዋለሁ።

ወንድሜ ዲያቆን ነው። ድምፁን በቃል ላስረዳችሁ አልችልም። እሑድ ሲቀድስ ከቅጥሩ ሥር የሚቀመጡት ሴቶች ወሬያቸውን ያቆሙ ነበር፤ የሰፈራችንን ሴቶች ወሬ ማስቆም ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። እናታችን ዐይኗን ጨፍና ነበር የምትሰማው። እሷ ካረፈች በኋላ እኔም ዐይኔን እየጨፈንኩ መስማት ጀመርኩ፤ እሱ ሲያዜም አጠገቤ ያለች ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ አቧራውን ከማንም በላይ የምፈራው እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። በመጀመሪያው ሰኞ እንደ ልማዴ ጨርቁን አርሼ ስዘረጋለት እጁን ወደ ኋላ ሰበሰበ።

«አርቂልኝ፣ እታለሜ።»

«ምነው ወንድምዓለም?»

«ጾም አይደለም እንዴ? ውኃው ከንፈሬን ይነካል። ጠብታ ብውጥስ?»

በኛ ዘንድ ጿሚ ሰዓቱ እስኪደርስ አፉን እንኳ አይጉመጠመጥም። ዲያቆን ሲሆን ደግሞ ጥንቃቄው ይብሳል። ሌሎቹም አዩት፤ ዲያቆኑ የፈራውን ማን ይደፍራል? በአንድ ጠዋት ጨርቁ ሁሉ ባልዲ ውስጥ እንደ ተዘፈዘፈ ቀረ። በደረቅ ጨርቅ ያሰሩ ነበሩ፤ እነሱም ትንፋሽ ሲያጥራቸው አንገታቸው ላይ ያወርዱታል።

ጊዜው በጋ ነው፤ ምንጩም ቀጥኗል። የጭነት መኪናው ሹፌር ከሰሉ ረጠበ፣ ውኃ ነው የምታስጭኑኝ እያለ ያማርራል። የቆፋሪዎቹ አለቃ፣ ካቦው፣ ክፉ ሰው አልነበረም፤ መኪናው ጎድሎ ከሄደ ግን የሚጠየቀው እሱ ነው። «አንቺ ልጅ፣ ጀሪካኑን ተይና በጣሳ እርጪ» አለኝ። በጣሳ ረጨሁ። የባትሪው መብራት ሁለት ክንድ ሳይሄድ አቧራው ይውጠው ጀመር። መኪኖቹ ግን ሞልተው ሄዱ። እንደዚያ ሰሞን ከሰል ወጥቶ አያውቅም ተባለ፤ ካቦው ተመሰገነ፤ ለኛም እጅ ተጨበጨበልን። ወንድሜ ያጨበጨበው እየሳለ ነው።

የጾሙ እኩሌታ ላይ፣ እሑድ ቅዳሴ ላይ፣ ሕዝቡን ለጸሎት ሊያስነሣ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ተሰነጠቀ። እንደገና ሞከረ። የወጣው ሳል ብቻ ነበር። ሌላው ዲያቆን ተቀበለው፤ ቅዳሴው ቀጠለ። ከቅጥሩ ሥር ያሉት ሴቶች ዞረው እኔን አዩኝ።

በማግሥቱ ሥራ ቀርቼ ወደ ንስሐ አባታችን ሄድኩ።

«አባ፣ ይፍቱኝ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። ምነው ፊትሽ ጠቆረ?»

ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰሙኝና፣ «እሱ ለምን መጥቶ አልጠየቀኝም?» አሉ።

«አይሆንም ይሉኛል ብሎ አላሰበም፣ አባ። ይሆናል ይሉኛል ብሎ ነው የፈራው። ቢፈቅዱልኝም ራርተውልኝ ነው እንጂ ተገቢ ሆኖ አይመስለኝም ይላል።»

ፈገግ አሉ፤ ወዲያው ግን ፈገግታቸው ጠፋ። መቋሚያቸውን አነሡ።

ያን ሁሉ ቁልቁለት በዚያ ዕድሜያቸው በእግራቸው ወረዱት። ካቦው ሮጦ መስቀል ተሳለመ። እሳቸው ማንንም አልተቆጡም፤ ውኃ አምጪ አሉኝ። የነጠላቸውን ጫፍ ነከሩ፤ ጠብታ እስኪጠፋ ጨመቁት፤ አፍና አፍንጫቸውን አሰሩ። ከዚያ ወደ ዋሻው እያመለከቱ፣ «ግድግዳውን አጥግበሽ እርጪልኝ፤ ደረቅ ከሆነ አልገባም» አሉ። እኔ ካቦውን አየሁት። እሱ እሳቸውን አየ፤ ከዚያ ጀሪካኑን ራሱ አንሥቶ ሰጠኝ።

ገብተው ከቆፋሪዎቹ ጎን ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልወጡም። ሲወጡ ነጠላውን ፈትተው በአፋቸው በኩል የጠቆረውን ለሁሉም አሳዩ።

«ጾምዎን ፈቱ የሚለኝ አለ?»

ነጠላውን ወደ ወንድሜ አስጠጉት።

«ጠብታ ውኃ ፈርታችሁ ከሰል ስትውጡ ከረማችሁ፣ ልጆቼ።»

ወንድሜ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ወደኔ ሳያይ እጁን ዘረጋ። ጨርቁን ስሰጠው እንባዬ መጣ፤ አልደበቅኩትም።

ከዚያ ወዲያ ጨርቁም ውኃውም ተመለሰ። የሌሎቹ ሳል እየቀለለ ሄደ። የወንድሜም ሳል ቀለለ፤ ድምፁ ግን አልተመለሰም። ፋሲካ አለፈ፤ ክረምት ገባ፤ ሐኪም ቤት ዕረፍት አድርግ አሉት፤ ጸበልም ተጠመቀ። የወጣለት ሹክሹክታ ብቻ ነበር። ዋሻውንም በኋላ ናዳ ዘጋው፤ መልሶ የከፈተው የለም። አንዳንዴ ዛሬም እናደድበታለሁ። ያን ያህል ከሚጠነቀቅ ምናለ አንድ ቀን ቢጠይቅ እላለሁ። ወዲያው ደግሞ ያ ጥንቃቄው ነበር ዜማውን እንደዚያ የሚያሳምርለት እልና ንዴቴን እተወዋለሁ።

አሁን እዚህ ላሊበላ ከኔ ጋር ነው የሚኖረው። በማኅሌት መቋሚያውን ይዞ ከመዘምራኑ መሐል ይቆማል፤ ከነሱ እኩል ዘንበል ቀና ይላል፤ ከንፈሩም ይንቀሳቀሳል። እኔ ከሴቶቹ መሐል ሆኜ ዐይኔን እጨፍናለሁ። የሌሎቹ ድምፅ ያምራል። እናቴ ግን አትመጣም።

ነጠላውን ከፊቴ ላይ አንሥቼ ገመዱ ላይ መለስኩት። ዘንድሮም ሁዳዴ ገብቷል። ባጃጅ ባለፈ ቁጥር በራችን ላይ ያለው መንገድ አቧራ ይነሣበታል፤ ደረቱ ደግሞ አቧራ አይችልም። ወንድሜ ለቤተ ክርስቲያን ለብሶ ወጣና አጠገቤ ቆመ።

«እታለሜ፣ ጨርቋን አርሺልኝ» አለኝ፣ በዚያችው በተረፈችው ድምፁ።

ነከርኳት፤ ጠብታ እስኪጠፋ ጨመቅኳትና ሰጠሁት።